«ታይቷል» ማለት «ተነቧል» ማለት ነወይ?



በዚህ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ ስለ ዕቅድ አዘገጃጀት፣ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ፣ ስለ ክፍል አያያዝ ብዙ ተብሏል። ስለ አንዲት አጭር ቃል ግን ማንም ሲናገር አላየሁም። ይህችም ቃል «ታይቷል» የምትባለው ናት።

ሁላችንም ያደግነው በእርሷ ሥር ነው። መምህሩ ደብተሩን ይገልጣል፤ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች አንድ ረጅም ራይት ይስባል፤ ከግርጌው «ታይቷል» ብሎ ፊርማውን ጣል ያደርግና ወደሚቀጥለው ደብተር ያልፋል። ለሂሳብ የቤት ሥራ ወይም ከሰሌዳ ለተገለበጠ ማስታወሻ ይህ ይበቃ ይሆናል። የተፈለገው ልጁ መሥራቱን ማወቅ ነው፤ መሥራቱም ታይቷል። ልጁ ከገዛ ራሱ አውጥቶ ለጻፈው ነገርስ? የልባችሁን ስታወሩት ቆይቶ «ተሰምቷል» ብሎ ፊቱን የሚያዞር ሰው ቢገጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ? እኔ በበኩሌ ሁለተኛ ወሬ አላወራውም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የልጅ ድርሰት በእጃችን ሲገባ መጀመሪያ እንደ አንባቢ መመለስ፣ ቀጥሎ እንደ መምህር ማረም ይገባናል። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ ልጁ መጻፉን አይተውም፤ ፈተና አለበትና። ነገር ለመንገር መጻፉን ግን ይተዋል። ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ መምህሩ ይወድደዋል ብሎ የገመተውን ብቻ ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የ4ኛ ክፍል ደብተሮች ሲታረሙ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። የድርሰቱ ርእስ «የምኖርበት አካባቢ» የሚል ነው። እንደሚታወቀው በዚህ ርእስ ልጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይጽፋሉ። «አካባቢዬ ውብ ነው። ዛፎች አሉ። ወንዝ አለ። አካባቢዬን እወዳለሁ።» ከስድሳው ደብተር ሃምሳው ይህንኑ ብሏል። አንዱ ልጅ ግን እንዲህ ብሎ ነበር፤ ፊደሉን አቃንቼ ላስፍረው፦

«ፏፏቴው ሲሞላ ጢሱ ማሳችን ድረስ ይመጣል። ሲጎድል እንግዳ አይመጣም። እንግዳ ካልመጣ እናቴ ነጠላ አትሸጥም። ውኃው የሚዘጋው ለመብራት ነው ይላሉ። በእኛ ቤት መብራት የለም።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። እነዚህን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ደጋግሜ አንብቤአቸዋለሁ፤ ብዙ ገጽ ያለው ጥናት የሚለውን ነው የሚሉት። ጢስ ዓባይ ቁጥር 1 ኃይል ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. በ11.4 ሜጋ ዋት ሥራ ሲጀምር ከወንዙ የሚወስደው ውኃ ጥቂት ነበርና ፏፏቴው ብዙም አልተጎዳም። ኋላ በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በር ላይ የጨራጨራ ግድብ ተሠራ፤ የውኃው መጠን በመዝጊያ የሚወሰን ሆነ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት ያለው ጢስ ዓባይ ቁጥር 2 ሲጨመር በበጋ ወራት በገደሉ ላይ የሚወርደው ውኃ ቀጭን ክር መሰለ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ጀመረ። እርሱ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሲሆን ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ ወስዶ ወደ በለስ የሚለቅቅ ነው። ለአገሪቱ መብራት ያስፈልጋታል፤ ይህን የሚክድ የለም። ልጁም አልካደም። እርሱ የተናገረው ስለ ጢሱ፣ ስለ እንግዳው፣ ስለ ነጠላውና ስለ እናቱ ነው፤ ማያያዣውንም ማንም አላስጠናውም።

ታዲያ ይህ ልጅ ምን ተመለሰለት? ሁለት ቦታ ላይ «ሠ» በ«ሰ» እንዲተካ በቀይ ተከብቦ፣ ከግርጌው «ታይቷል» ተብሎ፣ ፊርማ። «አካባቢዬ ውብ ነው» ብሎ የገለበጠው ጎረቤቱም «ታይቷል» ነው ያገኘው። እንዲያውም የእርሱ ፊደል ስላልተሳሳተ «በርታ» ተጨምሮለታል። ልጆች ሞኞች አይደሉም፤ ደብተር ሲመለስ ጎን ለጎን ያስተያያሉ። በዚያን ዕለት ያ ክፍል ምን እንደ ተማረ እናንተው ፍረዱ።

ይህን ስል መምህሩን ለመውቀስ አይደለም። እኚህ ሰው ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ልጆቹም የሚወዷቸው ናቸው። በእጃቸው ላይ ስድሳ ደብተር አለ። ከደብተሩ ሌላ የዕለት ዕቅድ፣ የተከታታይ ምዘና መዝገብ፣ ስብሰባ፣ የወላጅ ጉዳይ አለ። እኔ የምለው ልማዱ እንዴት ወደ እኛ ሳናውቀው እየተላለፈ እንደ ሆነ ነው። ከመካከላችን ገና አንድ ሰሚስተር ልምምድ ያልጨረሱ «ታይቷል» የሚለውን ሳያነሱ እጃቸው በአንድ ሰረዝ የሚጽፍ ሰዎች አሉ። ስም አልጠራም፤ ራሳቸው ያውቃሉ!

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሻገር። በዚያው ትምህርት ቤት አንዲት የክፍል ጓደኛችን የዚያን ልጅ ደብተር ካየች በኋላ በእርሳስ፣ በትንሹ፣ ከፊርማው አጠገብ አንድ ጥያቄ ጻፈችለት። «ጢሱ ማሳችሁ ድረስ የሚመጣው በየትኛው ወር ነው? ሰብሉን ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል?» ይኸው ነው። ሌላ ምንም አላለችም። በሳምንቱ ልጁ አንድ ገጽ ተኩል ይዞ መጣ። ጢሱ የሚመጣው ከሐምሌ እስከ መስከረም እንደ ሆነ፣ በጢሱ ሥር ያለው ሣር በበጋም እንደማይደርቅ፣ አባቱ ከብቶቹን እዚያ ማሰማራት እንደሚወድ፣ ድንጋዩ ግን ስለሚያንሸራትት አንዲት ጥጃ ወድቃ እንደ ሞተች፣ እናቱም ያን ዕለት እንዳለቀሰች ጽፏል። የፊደል ስሕተቱም ከፊተኛው በዛ። መብዛቱ ደግሞ ደስ የሚል ነው፤ የማያውቃቸውን ቃላት ደፍሮ መጻፍ ስለ ጀመረ ነው የበዛው። የጥጃዋን ነገር ባልተጠየቀ ኖሮ አናውቀውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጓደኛችን «ጎበዝ» አላለችውም። «በጣም ጥሩ ድርሰት ነው» አላለችም። «ጎበዝ» ለልጅ ጣፋጭ ነች፤ እንደ ከረሜላ ግን አፍ ውስጥ ታልቃለች። ጥያቄ ግን እቤት ድረስ ይከተላል። ልጁ ጥያቄውን ይዞ ወደ አባቱ ሄዷል፤ «ጢሱ ሰብሉን ይጠቅመዋል ወይ?» ብሎ ጠይቋል። በዚያች ማታ በዚያ ቤት የትምህርት ቤት ደብተር የመላ ቤተ ሰብ መነጋገሪያ ሆነ ማለት ነው። ወላጅ ለትምህርት ያለው ትኩረት አነስተኛ ነው እያልን በየሰሚናሩ ከምናማርር፣ እስቲ እቤት የሚወሰድ ነገር እንስጥ።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ «ይህ የፈረንጅ ዘዴ ነው፤ እኛ አገር አይሠራም» ይላል። እኔ ግን ነገሩ ከእኛው ቤት የቆየ ነው እላለሁ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ያልሰማ ከመካከላችን የለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ አጥንቶ ቢደግም ቅኔ አወቀ አይባልም። ሜዳ ወርዶ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ የራሱን ይቆጥራል። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ ሲሄድ እስከ መወድስ ይደርሳል። ከዚያ የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። የኔታም ይሰማሉ። ቤቱ ካልመታ ያቃናሉ፤ ሰዋስዉ ከጎደለ ይነግሩታል፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልጉት ምሥጢሩን ነው። ሰሙ ምንድር ነው? ወርቁ የት አለ? የሚል ሰሚ ናቸው። «ተሰምቷል» ብለው የሚያሰናብቱ የኔታ ቢኖሩ ኖሮ በጎጃም ምድር አንድ ባለ ቅኔ ባልተገኘ ነበር። በእርግጥ ቅኔ ቤቱ ከባድ ቦታ ነው፤ ተማሪው ቁራሽ ለምኖ የሚማርበት፣ አንዳንዴም የሚቀጣበት። ሁሉንም እንቅዳ አላልኩም። ተማሪ የራሱን ነገር ይዞ እንዲመጣ መጠበቅን፣ ሲመጣም ምሥጢሩን ማዳመጥን ነው ያልኩት።

ከውጭውም ዓለም ቢሆን ከእኛ ችግር ጋር የሚመሳሰል ሰው አለ። ሴሌስተን ፍሬኔ የሚባል ፈረንሳዊ መምህር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባውን ቆስሎ ስለ ነበር ሰዓቱን ሙሉ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማስተማር አይችልም። ባር ሱር ሉ በምትባል በደቡብ ፈረንሳይ ባለች ትንሽ የተራራ መንደር ውስጥ ያስተምር ነበር። ልጆቹን ከክፍል አውጥቶ በመንደሩ ያዞራቸዋል፤ ሸማኔውን፣ ገበሬውን ያያሉ፤ ተመልሰው ያዩትን ይጽፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1924 አንዲት አነስተኛ የእጅ ማተሚያ መሣሪያ ገዝቶ ክፍል ውስጥ አቆመ፤ ልጆቹ የጻፉትን በገዛ እጃቸው ፊደል እየለቀሙ አተሙት። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላው የአገሪቱ ጫፍ፣ በውቅያኖስ ዳር፣ ከሚገኝ የትሬገንክ መንደር ትምህርት ቤት ጋር መጻጻፍ ጀመሩ። የተራራው ልጆች ለባሕሩ ልጆች ስለ ኑሯቸው ይጽፋሉ፤ የባሕሩ ልጆች ይመልሳሉ፤ ያልገባቸውን ይጠይቃሉ። ፊደል ማረም ያኔ የመምህሩ ቁጣ መሆኑ ቀረ። እዚያ ማዶ ያለ ልጅ እንዲገባው ተብሎ የሚታረም ሆነ።

እኛ ማተሚያ መሣሪያ የለንም፤ አንፈልግምም። ካርቶን፣ ሙጫና እስክሪብቶ አለን። ይህ የምታነቡት ጋዜጣ ራሱ በሦስቱ ነው የተሠራው። በጢስ ዓባይ በኩል ያለ የ5ኛ ክፍል ከጣና ዳር ካለ የ5ኛ ክፍል ጋር ቢጻጻፍ ምን ይጎድላል? ርቀቱ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ እጩ መምህር ሰኞ ይዞት ይሄዳል፣ ዓርብ ይዞት ይመለሳል። የፏፏቴው ልጅ ስለ ደንገል ታንኳ አሠራር አያውቅም። የሐይቁ ልጅ ደግሞ እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ከታየ ወዲህ የአባቱ መረብ እንዴት እንደሚጠላለፍ መናገር ይችላል። አምባዛና ቆሮሶ በየትኛው ወቅት እንደሚገኝ ለሚጠይቀው ሰው ሊቅ ነው። ሁለቱም ልጆች ከአንድ ውኃ የሚኖሩ ሲሆኑ አንዳቸው ስለ ሌላው ምንም አያውቁም!

ወደ ክርክሩ እንመለስ። ይህን ሐሳብ በመኝታ ቤታችን ሳነሣ የገጠመኝ ተቃውሞ ቀላል አልነበረም፤ ሳላነሣው ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም።

አንደኛው የጊዜ ነገር ነው። «ስድሳ አምስት ልጅ ይዘህ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ልትጽፍ ነው?» አለኝ አንዱ እየሳቀ። ቁጥሩን ቁጭ ብለን ሠራነው። በሳምንት አምስት ቀን ብናስተምር በቀን አሥራ ሦስት ደብተር ይደርሰናል። ለአንድ ደብተር ሁለት ደቂቃ ብንሰጥ ሃያ ስድስት ደቂቃ ነው። ስድሳ አምስቱን በአንድ ማታ ተሸክሞ ሄዶ «ታይቷል» እያሉ መፈረምም ከዚህ ብዙ አይቀንስም። ልዩነቱ ሁሉም በአንድ ቀን አለመሰብሰቡ ነው። ሰኞ የአንደኛው ረድፍ፣ ማክሰኞ የሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ደግሞም መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ደብዳቤ ማን አለ?

ሁለተኛው ከበድ ይላል። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተደረገው የንባብ ክህሎት ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከምንባቡ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። «ልጁ ፊደል ሳይለይ ስለ ድርሰት ምላሽ ማውራት ቅንጦት ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው የማየው። ልጅ ፊደል የሚለይበትን ምክንያት ማየት አለበት። አያቴ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተማሪ ነበረች። ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት ያስገኘ ሥራ ነው። አያቴን ስለ ሽልማቱ ብትጠይቋት አታውቅም። የምታስታውሰው አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ «ላሜ ወለደች» ብላ ስትጽፍ ወጣቱ ዘማች ዞር ብሎ «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ እንደ ጠየቃት ነው። እስካሁን ስትተርከው ትስቃለች። ፊደሏን ከዚያ ወዲያ አልረሳችም።

በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ላለ ልጅም ቢሆን ይቻላል። ልጁ ሥዕል ይሣላል፤ ከሥሩ አንድ ቃል ይጽፋል፤ እኛ አንድ ቃል እንመልሳለን። «በግ» ቢል «ስሟ?» ማለት አያቅትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ የፊደል ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቀይ ቀለም የሚያልቀው በዚህ ነውና። የአማርኛ ፊደል ድምፃቸው አንድ የሆኑ ሆሄያት አሉት፦ ሀ ሐ ኀ፤ ሰ ሠ፤ አ ዐ፤ ጸ ፀ። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ሲሆን «ሰረቀ» ሌባ የሠራው ነው፤ ልዩነቱ ትርጉም ያመጣል። በአማርኛ ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው ለብዙ ዘመን ሲከራከሩበት ኖረዋል፤ ጋዜጣና መጽሐፍም እርስ በርሱ አይስማማም። ታዲያ ሊቃውንት ያልተስማሙበትን ነገር የአሥር ዓመት እረኛ ደብተር ላይ በቀይ ከብበን ምን ልናተርፍ ነው? በሌላ በኩል ልጁ «በላ» ለማለት «በለ» ቢል፣ «ቤቱ» ለማለት «ቤተ» ቢል፣ ቃልና ቃልን ሳይለይ ቢያያይዝ፣ አራት ነጥብን ጨርሶ ቢረሳ ይህ አንባቢን ያደናቅፋል። ይህ ይታረም። በአንድ ጊዜ ግን ሁለት ስሕተት፣ ቢበዛ ሦስት። ገጹ በሙሉ ቀይ ሲሆን ልጁ የትኛውን ይይዛል? እኔ ከልጆቹ እንዳየሁት አንዱንም አይይዝም፤ ደብተሩን አጥፎ ያስቀምጣል።

የአካባቢ አነጋገርም እንደዚሁ ነው። ልጁ እናቱን ሲያናግር «ዛዲያ፣ አይዶለም» ብላ ብትመልስለትና እንዳለችው ቢጽፈው ስሕተት አይደለም፤ እናቱ ያለችው ያንን ነው። በመጽሐፍ «ታዲያ፣ አይደለም» እንደሚባል ይነገረው፤ የእናቱ አፍ ግን በኤክስ አይሰረዝ።

ደግሞ ከ«ታይቷል» የባሱ ቃላት አሉ። «ሰነፍ» ተብሎ የተጻፈበት ደብተር አይቻለሁ። «ትርኪ ምርኪ» ተብሎ የተጻፈበትም አይቻለሁ፤ ልጅቷ ቃሉ ምን ማለት እንደ ሆነ እኔን መጥታ ጠየቀችኝ። «አጻጻፍሽን አስተካክዪ» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ግራ ያጋባል። የእጅ ጽሑፏ ነው? ፊደሏ ነው? ሐሳቧ ነው? እኛ ትልልቆቹስ እንዲህ ያለ አስተያየት ቢሰጠን ምኑን እናስተካክላለን?

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚል ተረት አለን። ለዱቄት እውነት ይሆናል። ለቃል ግን አይሠራም፤ ልጅ ስለ ቤቱ የሚያውቀውን እኛ ሰሚስተር ሙሉ ብናጠና አንደርስበትም።

አሁን ጥንቃቄ ወደሚፈልገው ልምጣ። የልጅን ጽሑፍ ማንበብ ማለት የልጅን ቤት መግባት ማለት ነው። በዚያው በልምምድ ጊዜ አንድ ልጅ ማታ እራት ሳይበላ እንደሚተኛ ጽፎ፣ ድርሰቱ «ጥሩ ስለ ሆነ» ተብሎ ክፍል ፊት ተነበበ። ልጆቹ ሳቁ። ልጁ ሦስት ቀን አልመጣም። አንባቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያሞገሰው መስሎት ነው። ስለዚህ በግድግዳ ላይ የሚለጠፈውም ሆነ ለክፍል የሚነበበው ልጁ እሺ ያለበት ብቻ ይሁን፤ እሺ ማለቱም በጆሮው ቀስ ብሎ ተጠይቆ እንጂ በክፍሉ ፊት አይሁን። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ብዙ ልጆች ከትምህርት ርቀው መክረማቸውን ሁላችንም እናውቃለን። እነዚህ ልጆች ሲመለሱ በደብተራቸው ላይ የሚያሰፍሩት ሁሉ ስለ ዛፍና ስለ ወንዝ ብቻ አይሆንም። ያን ጊዜ ጥያቄ መጠየቅም የማይገባበት ቦታ አለ። «አንብቤዋለሁ፤ ስለ ነገርከኝ አመሰግናለሁ» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ከባድ ከሆነም ወደ ርእሰ መምህሩ ወይም ወደ ወላጁ መሄድ። የትኛው ጽሑፍ የትኛውን መልስ እንደሚፈልግ መለየት በአንድ ቀን የሚያዝ ሙያ አይደለም፤ እኔም ገና አልያዝኩትም። በትምህርት ሥነ ዘዴ ክፍለ ጊዜ ላይ ግን እስካሁን አንድ ሰዓት እንኳ አልተሰጠውም። የመርጃ መሣሪያ አዘገጃጀት ግን ስንት ሳምንት ወስዶብናል!

ወደ መምህሮቻችንም አንድ ቃል፤ በአክብሮት። እኛ የምናስገባው የቤት ሥራ እንዴት ሆኖ እንደሚመለስልን ታውቃላችሁ። «7/10»። ራይት። ፊርማ። ሰባቱ ለምን እንደ ተሰጠ፣ ሦስቱ የት እንደ ሄደ አናውቅም። ስለ ልጆች ንባብ አሥር ገጽ ጽፎ የሰጠ ጓደኛችን ወረቀቱ ሲመለስለት መካከለኛዎቹ ገጾች እንደ ተጣበቁ ናቸው፤ ሙጫው ሳይላቀቅ ነው «7/10» የተባለው። ሙጫውን ሆን ብሎ እንደ ቀባው ኋላ ነግሮናል፤ ድርጊቱን አልደግፈውም፤ ውጤቱን ግን አይተናል። እኛ ልጆች ላይ የምናደርሰው በእኛ ላይ ሲደረግ ያየነውን ነው። የተማሪ ብዛት እናንተንም እንዳስጨነቃችሁ እናውቃለን፤ የጠየቅነውም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲያውም የልምምድ ውጤት ሲሞላ የዕለት ዕቅዳችን ብቻ ከሚታይ፣ ሦስት የልጅ ደብተር ተመርጦ የሰጠነው መልስ ቢታይስ? ቅጹ ላይ አንድ መስመር መጨመር ነው።

ለእኛም ለእጩዎቹ የምጠይቀው አለኝ። ይህ የግድግዳ ጋዜጣ ሲለጠፍ የሚሰጠው አስተያየት እናውቀዋለን፤ ባለፈው እትም በአንዱ ጽሑፍ ሥር በእርሳስ «ፊደልህን አርም» የሚል ብቻ ተጽፎ ነበር። የጻፈው ሰው ጽሑፉን ስለ ማንበቡ ምንም ማስረጃ የለም። በዚህኛው ሥር ባዶ ቦታ ትቻለሁ። የማትስማሙ ከሆነ በየትኛው ነጥብ እንደማትስማሙ ጻፉ፤ የፊደሉን ስሕተት ከዚያ በኋላ ብትከብቡት አልቀየምም።

የሚቀጥለው ልምምድ ሲጀምር ከጢስ ዓባይ መስመርና ከጣና ዳር ትምህርት ቤቶች የምትመደቡ አራት ወይም አምስት ፈቃደኞች ብትገኙ የሁለቱን ክፍሎች መጻጻፍ እንጀምራለን። የልጆቹ ስም በወረቀቱ ላይ አይኖርም፤ ፈቃዳቸውን ከእነርሱም ከወላጆቻቸውም እንጠይቃለን። ካርቶኑን እኔ አመጣለሁ፤ ሙጫ ያላችሁ ሙጫ ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ካለው ዋርካ ሥር እንገናኝ። ያ ልጅ ስለ ጥጃዋ ከጻፈ በኋላ አንድ ጥያቄ በተራው ጠይቆናል፤ «የሐይቁ ውኃ እዚያ ሲወጣ ምን ይመስላል?» ይላል። እስካሁን የመለሰለት የለም።